አትክልት ስፍራ የሚጎበኘው መቼ ነው? ሲያብብ ወይስ ሲያርፍ

ይህ በአንድ የአትክልተኞች የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና የምላሾቹ ሰንሰለት፣ ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈተው ሰው አቋም ይዞ ነው የመጣው። የአትክልት ስፍራ ጉብኝት የሚዘጋጀው ሁልጊዜ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን ነው፤ ለመማር ግን ከዓመቱ የከፋው ጊዜ እሱ ነው ይላል። አበባው ዓይን ይይዛል፤ ጎብኚው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ተክሉን እዚያ ያደረሰው ሥራ ከቅጠሉ ሥር እንደተሸፈነ ይቀራል። ቅጠል ሲረግፍ ወይም ተክሉ እድገቱን ሲገታ ቅርንጫፍ የት እንደተቆረጠ፣ ቁስሉ እንዴት እንደተዘጋ፣ ውሃ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ፣ የማጠጫው ቱቦ የት እንደተዘረጋ፣ መደቡ ላይ ስንት ጣት ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ደረቅ ሣርና ቅጠል) እንዳለ ሁሉ ይታያል። ሁለተኛው ነጥቡ ጉብኝትና ትምህርት አይነጣጠሉ የሚል ነው። አራት ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከማየት አንዱን ቦታ በዓመት አራት ጊዜ ማየት ይሻላል። በመጨረሻም በዓመት አራት ቀን ብቻ ቢሰጣችሁ በየትኛው ምን ታስተምራላችሁ ብሎ ጠየቀ።

ምላሾቹን በቁጥራቸው አስከትላለሁ። የምስጋናና የ«እኔም ልከታተል» ዓይነቶቹን ዘልያቸዋለሁ፤ ቁጥሩ አንዳንድ ቦታ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ምላሽ 1 በትህትና የተጻፈ ነው፤ በሐሳቡም ሙሉ በሙሉ ይስማማል። የመጀመሪያው ቀን ለክርከማ ይሁን ይላል። ቅደም ተከተሉንም አስቀምጧል፦ መጀመሪያ የደረቀው፣ ቀጥሎ የታመመው፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይነሳል፤ ቅርጽ ማስተካከል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ከዛፉ አክሊል ከሩብ በላይ አይነሳም። ከዚያ ካለፈ ዛፉ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወነጨፉ፣ ፍሬ የማይዙ ለጋ ቅርንጫፎችን ያበዛል፤ ቀጣዩ ዓመት እነሱን በማንሳት ያልቃል። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። አንደኛው ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ፣ እስከ ውፍረቱ ሲሶ፤ ሁለተኛው ከእሱ ጥቂት ወደ ውጭ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች፤ ሦስተኛው የቀረውን ጉቶ ከአንገትጌው ጠርዝ ላይ፣ ማለትም ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ሲገናኝ ከሚያብጠው ቀለበት ውጭ። የመጀመሪያው ቁርጥ ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይወርዳል። አንድ አስተማሪ ከአሥር ሰው በላይ ወደ አንድ ዛፍ አይውሰድ የሚለው ምክሩም ተገቢ ነው፤ ከኋላ የቆመው የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ይሆናል።

ምላሽ 2 ይህን ሳይቃወም ምክንያቱን ጨመረበት። ለአሜሪካ ደን አገልግሎት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ እጅግ ብዙ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቀው እንዳሳዩት ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ገላ አይጠግንም፤ የተጎዳውን ክፍል ከጤናማው ለይቶ ያጥረዋል። አጥሩ የሚሠራው በአንገትጌው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቁረጥ መከላከያውን አብሮ ያነሳል፤ ረጅም ጉቶ መተው ደግሞ ደርቆ ለብስበሳ መግቢያ ይሆናል። ቁርጡን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባትም በአብዛኛው ጥቅም የለውም፤ እርጥበት አፍኖ ብስበሳን ሊያግዝ ይችላል። ከዚህ የተነሳ በእረፍት ወቅት የሚደረገው ጉብኝት የአምናና የካቻምና ቁርጦችን እየዞሩ በማየት ይጀምር ይላል። በትክክል የተቆረጠው ዙሪያውን እኩል ቀለበት አውጥቶ ይዘጋል፤ የተበላሸው ከላይ ወይም ከታች ክፍት ይቀራል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው የት እንደሚቆርጥ ደግመህ አትነግረውም።

ምላሽ 3 የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ጠንከር ያለ ግን ጨዋ። ሁሉን ተክል በእረፍቱ ከርክሙ ማለት ለተማሪው ግማሽ እውነት መስጠት ነው ይላል። ሊላክ፣ ፎርሲቲያና ትልቅ ቅጠሉ ሃይድራንጃ የተባሉት የአበባ ቁጥቋጦዎች የዘንድሮን አበባ የያዙት ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ነው፤ በእረፍታቸው የከረከማቸው ሰው አበባውን ቆርጦ ጣለ ማለት ነው። እነዚህ የሚከረከሙት አበባቸው እንደረገፈ ነው። ቼሪና ፕለም ደግሞ በቀዝቃዛና እርጥብ ወቅት ከተቆረጡ የብር ቅጠል በሽታ የሚያመጣው ፈንገስና የባክቴሪያ ቁስል በቁርጡ ይገባሉ፤ እነሱ ቅጠል ለብሰው፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይቆረጣሉ። ስለዚህ የክርከማ ትምህርት አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን ይፈልጋል። በተጨማሪም የአበባውን ወቅት ማንቋሸሽ ልክ አይደለም፤ ዝርያ በትክክል የሚለየው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 የተመሠረተው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ አትክልት ስፍራ እንኳ የተተከለው የሕክምና ተማሪዎች መድኃኒት የሚሆነውን ተክል ከሚመሳሰለው እንዲለዩ ነበር። ባለቀለም ክር ይዞ በአበባ ወቅት የሚዞር ተማሪ የሚቆረጠውን፣ የሚነቀለውን፣ የሚራባውን ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ በእረፍት ጊዜ ሁሉም ቀንበጥ ይመሳሰላል።

ይህ የባለቀለም ክር ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ተወዶ ምላሽ 4 ላይ ጥንካሬ ተጨመረለት፦ የጥጥ ክር በአንድ ወቅት ይበሰብሳል፣ ሽቦ ቅርንጫፍ ያንቃል፣ ስለዚህ የሚለጠጥ የፕላስቲክ ጥብጣብ ልቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ጽሑፉም በእርሳስ ይሁን፤ ፀሐይ ቀለምን ያነጣል፣ እርሳስ ግን ይቆያል።

ምላሽ 6 ቅጠል የሚያረግፍ ብርድ በሌለበት፣ ዝናብና ድርቅ በሚፈራረቁበት ቦታ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። የክሩ ምርጥ መልስ የመጣው ለዚህ ነው። ምላሽ 7 የትምህርቱ ቀን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በተክሉና በአፈሩ ሁኔታ ይቆረጥ አለ። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኦሚር እ.ኤ.አ. በ1735 ተክል የሚደርሰው በቀናት ብዛት ሳይሆን በሚሰበስበው ሙቀት ድምር መሆኑን ጽፏል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከዚያ ተክሉ ማደግ የሚጀምርበትን መነሻ መቀነስ። ለበቆሎ መነሻው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ቀኑ 26፣ ሌሊቱ 12 ከነበረ አማካዩ 19፣ የዕለቱ ድርሻ 9 ይሆናል። ድምሩ በየቀኑ እየተመዘገበ አንድ ተክል ያበበበት ቁጥር ከታወቀ የሚቀጥለው ዓመት ጉብኝት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሊተነበይ ይችላል። ብርድ በሌለበት ቦታ ደግሞ ወሳኙ እርጥበት ነው፦ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን 20 ሴንቲሜትር ሲያርስ የተከላ ትምህርት፣ ዝናቡ አቁሞ አፈሩ መድረቅ ሲጀምር የጉዝጓዝና የውሃ አሰጣጥ ትምህርት። እኔ ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ አስቀምጥ ብባል የማስቀምጠው ይህን ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። ምላሽ 8 ጉብኝቱ ራሱ ጉዳት ነው ብሎ በቁጣ ገባ። በዝናብ ማግስት ሠላሳ ሰው መደብ ላይ ሲቆም የአፈሩ አየር መያዣ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ሥር ይታፈናል፤ ያ የተጠቀጠቀ አፈር በአንድ መኮትኮት አይመለስም። ጫማ ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ በጭቃው ውስጥ ደግሞ ሥር የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን አሉ። በኒው ዚላንድ የካውሪ ዛፍን የሚገድለው ፋይቶፍቶራ የተባለ ተሕዋስ በጫማ ስለሚዛመት የደን መግቢያዎች ላይ የጫማ ማጽጃ ተተክሏል፤ የአትክልት ስፍራ አዘጋጆች ግን ስለዚህ አያስቡም ሲል ወቀሰ። ቃሉ ከረረ እንጂ ነገሩ ልክ ነው።

ምላሽ 9 በተመሳሳይ ቁጣ መለሰለት። እንዲህ ከሆነ በሩን ዝጉና ማንም አይማር ማለት ነው? በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1927፣ 609 የግል አትክልት ስፍራዎች ለነርሶች ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለሕዝብ ተከፍተው ነበር፤ ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል፣ አትክልቶቹም አልጠፉም፤ ሰው የሚሄደው በመንገዱ ላይ ስለሆነ። ሁለቱ ለጥቂት ምላሾች እንዲህ ተመላለሱ፤ አንዱ ለአንዱ ጆሮ አልሰጠም።

ምላሽ 12 ነው ያረጋጋቸው፤ ማን ልክ ነው ሳይል የሚሠራውን አስቀመጠ። ጠዋት ከመደቡ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጥቶ መጨበጥ፤ ድቡልቡሉን በአውራ ጣት ሲገፉት ከተፈረካከሰ ሥራ ይቻላል፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ማንም ወደ መደቡ አይግባ። መግባት ግድ ሲሆን ሰፊ ሳንቃ ተነጥፎ ክብደቱ ይከፋፈል። ለጫማ ደግሞ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፦ መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ ብቻ የጀርም ማጥፊያውን ማድረግ፤ በጭቃ ላይ የተረጨ ማጥፊያ ጭቃው ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። መቀስም እንዲሁ ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዞር በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። በበረኪና መንከርም ይሠራል፣ አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ፤ ግን ብረት ስለሚበላ ወዲያው በውሃ ታጥቦ በዘይት ይታበስ።

ምላሽ 13 ወደ ትምህርቱ መለሰን። ተክሉ ለጋ ሆኖ እያደገ ሳለ የሚሰጠው ትምህርት ከቁራጭ ማራባት ነው። ቁራጩ በማለዳ፣ ተክሉ ውሃ እንደጠገበ፣ ከማያብብ ጫፍ ይወሰዳል፤ ርዝመቱ ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር፣ ታችኛው ቁርጥ ከቅጠል መውጫው ዝቅ ብሎ። የታችኛው ግማሽ ቅጠል ይነሳል፤ ትልቅ ቅጠል ካለው ቅጠሉ ራሱ በግማሽ ይቆረጣል። መትከያው ግማሽ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ቅንጣት) ወይም ሸካራ አሸዋ፣ ግማሽ የተበጠረ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ወይም ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅዋት)። ቀዳዳው በእንጨት ቀድሞ ይበጃል፤ ቁራጩን ቀጥታ መግፋት ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ የተነከረበትንም የሥር ማውጫ ሆርሞን ዱቄት ያራግፈዋል። ከላይ ቅጠሉን በማይነካ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ብርሃን ባለበት ጥላ ይቀመጣል፤ የአፈሩ ሙቀት ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ የሚበላሸውን ነገር ከነምክንያቱ ጻፈ፤ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ታችኛው ጫፍ ከጠቆረ አፈሩ ውሃ አብዝቷል። በመጀመሪያው ሰዓት ከጠወለገ ሽፋኑ ዘግይቷል። አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሥር ካጣ ላዩ ሞቆ ሥሩ ቀዝቅዟል፤ እንዲህ ባለው ቁራጭ የሚያታልለው ልምላሜው ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ይደርቃል።

ምላሽ 14 የሥር ማውጫ ሆርሞኑ ላይ እርማት አለው። ብዙ ሰው የበዛ ይሻላል ብሎ ያምናል፤ የበዛ ሆርሞን ግን ታችኛውን ጫፍ ያቃጥላል። የኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ዱቄት ለለጋ ቁራጭ 0.1 በመቶ፣ ከፊል ለጠነከረ 0.3፣ ለጠንካራ እንጨት 0.8 በመቶ በቂ ነው። ቁራጩን ዋናው ዕቃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ እርጥበትና በሽታ ዕቃውን ያበላሻል። ጥቂት በክዳኑ አፍስሶ፣ ነክሮና አራግፎ፣ የተረፈውን መጣል ነው። ሃያ ተማሪ ከአንድ ዕቃ ሲነክር ማየት የተለመደ መሆኑንም ጨምሯል።

ምላሽ 16 ግራፍቲንግን፣ ማለትም የአንዱን ተክል ቀንበጥ በሌላው ላይ ማጣበቅን፣ የት ታስገቡታላችሁ ብላ ጠየቀች፤ እራሷም መለሰች። ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለት የተለያየ ጊዜም ይፈልጋል። የሚጣበቀው ቀንበጥ ገና ሳያቆጠቁጥ የሚሠራው አንዱ ነው፦ የአንድ ዓመት እንጨት፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን (ገና ያልተከፈተ እምቡጥ) ያለው። ቁርጡ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሚረዝም ዘቅዛቃ ሆኖ ቢላዋው በአንድ ጊዜ ያልፋል፤ እየደጋገሙ መፋቅ ማዕበል ያለው ገጽ ስለሚተው ክፍተት ይፈጠራል። ውፍረታቸው ካልተመጣጠነ መሃል ለመሃል ማድረግ ስህተት ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን፣ ካምቢየሙ፣ ቢያንስ በአንድ ጎን መገናኘት አለበት። ሁለተኛው ዓይን ብቻ የሚገባበት ነው፤ እሱ ተክሉ በደንብ እያደገ፣ ቅርፊቱ ከእንጨቱ በቀላሉ ሲላቀቅ ይሠራል። መፈተኛው ትንሽ ቁርጥ አድርጎ በቢላዋው ጀርባ ማንሳት ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተነሳ ቀኑ ደርሷል፣ ከተቀደደ ተክሉ ለጥቂት ቀናት ውሃ ይጠጣና እንደገና ይሞከር።

ለዚህ ምላሽ 17 አንድ ገጠመኝ አከለ። አንድ ቡድን ቀንበጦቹን በሚገባ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ አስቀመጠ፤ ትምህርቱ ሲደርስ ግን አንዱም አልያዘም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የፖም ሣጥን ነበር። የሚበስል ፍሬ የሚለቀው ኤቲሊን ጋዝ የተኛን ዓይን ይገድላል፤ ቀንበጡ ግን ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ ማንም አይጠረጥርም። አስተማሪው ቢላዋውን፣ ተማሪው እጁን ሲወቅስ ነበር።

ከዚያ ክሩ ወደ ኮምፖስት ተንሸራተተ፤ ኮምፖስት ባለበት ጠብ አይጠፋም። ምላሽ 19 በሦስት ሳምንት የበሰለ ኮምፖስት በትምህርቱ መሃል ማሳየት ይቻላል አለ። ምላሽ 20 ይህ ተማሪን ማታለል ነው ብሎ ጮኸበት። ነገሩ ሲጣራ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ተለያየ ክምር ነበር። ፈጣኑ ክምር የሚሳካው ቁሱ ሁሉ በአንድ ቀን ከተከመረ፣ ከተከተፈ፣ በየአቅጣጫው ቢያንስ 1 ሜትር ከሆነ፣ የካርቦንና የናይትሮጅን ድርሻው ከ25 እስከ 30 ለ1 ከሆነና በየጥቂት ቀኑ ከተገለበጠ ብቻ ነው፤ ከዚያም በኋላ ረግቶ መቆየት ይፈልጋል። ቁሱ በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ይውጣው። ውስጡ 55 ዲግሪ ደርሶ ካልቆየ የአረም ዘር አይሞትም፤ ከ65 ካለፈ ደግሞ ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን መሞት ስለሚጀምሩ ይገለበጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጨመርበት ክምር ግን ወራት ይፈጃል። የአሞኒያ ሽታ (እንደ ሽንት የሚሰነፍጥ) ከመጣ ናይትሮጅን በዝቷል፣ ደረቅ ቅጠል ይጨመር፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፣ ይገልበጥ።

ምላሽ 21 ይህ ሁሉ ቢሟላም ፍግ ያለበት ኮምፖስት አንድ ፈተና ሳያልፍ ወደ መደብ አይግባ አለ። እንስሳቱ የበሉት ሣር አሚኖፒራሊድ በተባለው የአረም መድኃኒት ተረጭቶ ከነበረ መድኃኒቱ በሆዳቸውም በክምሩም ያልፋል፤ ቲማቲምና ባቄላን ያጣምማል። ፈተናው፦ ኮምፖስቱን ከንጹሕ የችግኝ አፈር ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ በሦስት ማሰሮ ፎሶሊያ መዝራት፣ ንጹሑን አፈር ብቻ በያዙ ሌሎች ሦስት ማሰሮዎችም እንዲሁ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ወደ ላይ ተጠቅልለው ከጠበቡ ክምሩ መደብ አይነካ። ይህ ለተማሪ ወደ ቤት የሚሰጥ ሥራ መሆን አለበት፤ ዋጋ አያስከፍልም፣ መደብን ያድናል።

ምላሽ 23 የመድረኩ አስተናጋጅ ነው። ስድብ የነበረባቸውን ሁለት ምላሾች አንስቶ፣ ጥያቄው አራት ቀን ነው እንጂ ኮምፖስት አይደለም ብሎ መለሰን።

ምላሽ 24 ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ራሱ ተመለሰ፤ አቋሙን ግን አልጣለም፣ አሻሻለው። አንደኛው ቀን ዓይኖቹ ሳያብጡ፤ የድሮ ቁርጦችን ማየትና የሚፈቀድላቸውን ዛፎች መከርከም። ሁለተኛው ቅርፊት መላቀቅ ሲጀምር፤ ዓይን ማጣበቅና ለጋ ቁራጭ። ሦስተኛው በአበባ ሰሞን፤ መለየት፣ ምልክት ማሰር፣ ቀድሞ ያበበውን መከርከም፤ ቼሪና ፕለምን ደግሞ አየሩ ደረቅ ከሆነ። አራተኛው አፈሩ እርጥበት ይዞ ሳይጣበቅ፤ ተከላ፣ ጉዝጓዝ፣ ክምር መሥራት። ከእያንዳንዱ ጎን መነሻ ምልክቱን ጻፈ፤ ቀን አልጻፈም። አንድ ሰው ቀኑ ካልታወቀ ሰው እንዴት ይመዘገባል ብሎ በምላሽ 25 ተሟገተ፤ መልሱ ቀኑ የሚውልበትን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ አሳውቆ ትክክለኛውን ቀን አምስት ቀን ሲቀረው መንገር ነው። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ተክሉን የማይጠብቅ ትምህርት የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

ምላሽ 27 ዝናብ ለሚያስተጓጉለው ቀን መለዋወጫ ሰጠ፦ ጣሪያ ሥር ሆኖ መቀስ መሳል። ሁለቱ ስለቶቹ ጎን ለጎን የሚተላለፉበት መቀስ የሚሳለው በዘቅዛቃው ጎን ብቻ ነው፣ ፋብሪካው የሰጠውን ዘዌ ተከትሎ፤ ጠፍጣፋው ጎን ከተሳለ በሁለቱ ስለቶች መሃል ክፍተት ይፈጠርና ቅርንጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። በጠፍጣፋው በኩል የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ የወጣውን ጭረት ለማንሳት ድንጋዩን አስተኝቶ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ነው።

ምላሽ 28፣ የመጨረሻው፣ ለመለማመጃ የሚሆን እንጨት ከየት ይገኛል ለሚለው መልስ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ክርከማ የሚወድቀው እንጨት አይቃጠል። ጤናማው፣ እርሳስ የሚያህለው ተመርጦ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይቆረጥ፤ ላዩ በዘቅዛቃ፣ ታቹ በቀጥታ፣ ማንም ተገልብጦ እንዳይተክለው። ወይን፣ በለስና ከረንት እንዲህ ሥር ያወጣሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ዓይን ብቻ ከአፈር በላይ እንዲቀር ተደርገው ይተከላሉ። ፖም በዚህ መንገድ በቀላሉ ሥር ስለማያወጣ የእሱ እንጨት ለቁርጥ ልምምድ ብቻ ይሁን፤ በውሃ እርጥብ ሆኖ ከቆየ እስከ ሁለተኛው ቀን ያገለግላል።